ጽዮናዊነትን የሚቃወሙ አይሁድ፦ አንድ ሰልፍ፣ ሁለት ክርክር

በለንደን ወይም በኒው ዮርክ ለፍልስጤም ሰልፍ በተጠራ ቁጥር ካሜራው ፈልጎ የሚያገኛቸው ሰዎች አሉ። ጥቁር ካፖርትና ባርኔጣ ያደረጉ፣ ጺማቸውን ያወረዱ፣ በጉንጫቸው ላይ የተጠቀለለ ጸጉር የሚታይባቸው አይሁድ ናቸው፤ የያዙት ጽሑፍም አይሁድነትና ጽዮናዊነት (በቅድስቲቱ ምድር የአይሁድ መንግሥት ይቁም የሚለው ንቅናቄ) አንድ አይደሉም ይላል። ምስሉ በአማርኛ ማኅበራዊ ሚዲያም በየጊዜው ይዞራል። አንዱ ወገን «ይኸው፣ አይሁዶቹ ራሳቸው መሰከሩ» ብሎ ያጋራዋል። ሌላው ደግሞ «ገንዘብ ተከፍሏቸው ነው፤ አይሁዳዊ ሆኖ እስራኤልን የሚቃወም የለም» ይላል። ሁለቱም ምስሉን የፈለጉት ለራሳቸው ሙግት ነው፤ ሰዎቹ ምን እንደሚያምኑ ጠይቆ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ጽዮናዊነትን መቃወም በአይሁድ መካከል የጽዮናዊነትን ያህል ዕድሜ አለው። ነገር ግን አንድ ወጥ ሐሳብ ሆኖ አያውቅም። አንደኛው ክርክር ከሃይማኖት ይነሣል፤ የሚጠይቀውም ስደቱን የማብቃት ሥልጣን የማን ነው ብሎ ነው። ሁለተኛው ከኑሮ ይነሣል፤ ይህ መንገድ ለአይሁድ ይበጃል ወይስ ይጎዳል ይላል። የመጀመሪያውን በዓለም ላይ የሚሆነው ነገር አይነካውም፤ መንግሥቱ ቢበለጽግም ቢፈርስም ባለበት ይቆማል። ሁለተኛው ግን ክስተት ሲያነሣው ይነሣል፣ ክስተት ሲጥለው ይወድቃል። በአንድ ሰልፍ ላይ ጎን ለጎን ስለቆሙ ብቻ አንድ አድርገን ካየናቸው ሁለቱንም እንስታቸዋለን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሃይማኖቱ እንጀምር። በመኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን ውስጥ፣ ፍቅር ራሱ እስኪወድ ድረስ እንዳይቀሰቅሱት የኢየሩሳሌም ቈነጃጅት ሦስት ጊዜ በመሐላ ይለመናሉ። የታልሙድ (የጥንት ረቢዎች የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ) ሊቃውንት ይህን ሲፈቱ ከቱቦት በተባለው ክፍል ሦስት መሐላዎችን አወጡበት። እስራኤል «እንደ ቅጥር» ሆነው፣ ማለትም ተባብረው በኃይል፣ ወደ ምድሪቱ እንዳይወጡ ማሉ። በተበተኑባቸው አሕዛብ ላይ እንዳያምፁ ማሉ። አሕዛብም በበኩላቸው እስራኤልን ከልክ በላይ እንዳያስጨንቁ አማሏቸው። ከዚህ በስተጀርባ ያለው እምነት ግልጽ ነው፦ መበተን ከእግዚአብሔር የመጣ ፍርድ ነው። በየበዓሉ የሚደገመው ጸሎትም «ስለ ኃጢአታችን ከምድራችን ተሰደድን» ይላል። ፍርዱን የሰጠው እርሱ ከሆነ፣ የሚያነሣውም እርሱ ነው፤ በመሢሑ እጅ፣ በራሱ ጊዜ።

ይህ ማለት ግን በቅድስቲቱ ምድር መኖር ክልክል ነው ማለት አይደለም። በኢየሩሳሌም፣ በኬብሮን፣ በጥብርያዶስና በጻፋት ጽዮናዊነት ከመወለዱ በፊትም እየጸለዩ፣ ከውጭ በሚላክላቸው ምጽዋት የሚኖሩ አይሁድ ነበሩ። ለሦስቱ መሐላዎች ሰዎች ወንጀሉ ሰንደቅ ዓላማ መስቀል፣ ጦር ማደራጀት፣ መንግሥት ማቆም ነው። ከኋላቸውም መራራ ታሪክ አለ። በ132 ዓ.ም. በሮም ላይ የተነሣው የባር ኮክባ ዐመፅ በሦስት ዓመት ውስጥ በእልቂት ተደመደመ። በ1665 ደግሞ ሻብታይ ጽቪ የተባለ የሰምርኔስ ሰው መሢሕ ነኝ ብሎ ከየመን እስከ አምስተርዳም ያለውን አይሁድ ሲያናውጥ ከርሞ፣ በዓመቱ በኦቶማኑ ሱልጣን ፊት ሰለመ። ንብረቱን ሸጦ ጉዞውን ሲጠብቅ የነበረው ሕዝብ ባዶ እጁን ቀረ። ከዚያ ወዲህ የመዳንን ቀን አፋጥናለሁ የሚል ሰው በረቢዎች ዘንድ በጥርጣሬ ቢታይ አይገርምም።

እንግዲህ ቴዎዶር ሄርዝል በ1897 በባዝል የመጀመሪያውን የጽዮናውያን ጉባኤ ሲጠራ፣ አብዛኞቹ የምሥራቅ አውሮፓ ኦርቶዶክስ (የአይሁድን ሕግ አጥብቀው የሚጠብቁ) ረቢዎች ያዩት ጢሙን ያሳመረ፣ ሰንበትን የማይጠብቅ የቪየና ጋዜጠኛ የእግዚአብሔርን ሥራ ሊሠራ ሲነሣ ነው። በ1912 የተመሠረተው አጉዳት እስራኤል የዚህ ተቃውሞ ድርጅታዊ ቤት ሆነ። ነገሩ ከቃላት አልፎ ደም እስከማፍሰስ ደርሷል። ለኢየሩሳሌም ጥብቅ ኦርቶዶክሶች ቃል አቀባይ የነበረው የሆላንድ ተወላጅ ገጣሚና የሕግ ሰው ያኮብ ዴ ሃን፣ በሰኔ 1924 ከምኵራብ ሲወጣ በጥይት ተገደለ። ገዳዮቹ ከሐጋና፣ ከጽዮናውያኑ ታጣቂ ድርጅት፣ ነበሩ።

የሃይማኖቱን ክርክር ከሁሉም በላይ አምርረው የጻፉት የሳትማር ሐሲዲኮች (ጥብቅ ኦርቶዶክስ የሆነ የአይሁድ ወገን) መሪ ረቢ ዮኤል ታይተልባውም ናቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ባሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ ሦስቱን መሐላዎች ከተረት ዓይነት ማስተማሪያነት አውጥተው የእምነት መሠረት አደረጓቸው። በ1967 እስራኤል በስድስት ቀን ጦርነት ስታሸንፍ ብዙ ኦርቶዶክሶች «ተአምር ነው» ሲሉ፣ እሳቸው ግን ድሉ ከሰይጣን የሆነ ፈተና ነው አሉ። ከዚህም አልፈው ስድስት ሚሊዮን አይሁድ በናዚዎች የተጨፈጨፉት ጽዮናውያን መሐላውን በማፍረሳቸው የመጣ ቅጣት ነው እስከማለት ደረሱ። ይህን አባባል ወላጆቹን በአውሽዊትዝ ያጣ ሰው እንዴት እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። እኔም የሃይማኖቱን ክርክር ሥርዓት ባከብረውም፣ እዚህ ላይ ሲደርስ ሊዋጥልኝ አልቻለም።

ከዚህም የሚገርመው የራሳቸው ሕይወት ነው። ረቢ ታይተልባውም ከሞት የተረፉት በ1944 ከቡዳፔስት ከ1,600 በላይ ሰዎች ይዞ በወጣው ባቡር ነው። ባቡሩን ከናዚው አይሽማን ጋር ተደራድሮ ያስወጣው ሩዶልፍ ካስትነር ደግሞ ጽዮናዊ ነበር። ተከታዮቻቸው ቀኑን እስከ ዛሬ በየዓመቱ በድግስ ያከብሩታል፤ ያዳናቸው እግዚአብሔር ነው፣ መሣሪያው ማንም ይሁን ማን። ተቺዎች ይህን ሲያነሡ «ግብዝነት» ይላሉ። በእምነቱ ውስጥ ሆኖ ለሚያየው ግን መልሱ ቀላል ነው፤ ዕዳ ያለብን ለአዳኙ እንጂ ለመሣሪያው አይደለም። ከመነሻው በውጤት የማይለካ እምነት፣ የራሱ መሪ በጽዮናዊ እጅ መትረፉም አያናውጠውም ማለት ነው።

ሌሎች ረቢዎችም ዝም አላሉም። ረቢ አብርሃም ይስሐቅ ኩክ ዓለማዊዎቹ ጽዮናውያን ሳያውቁት የመዳንን ሥራ እየሠሩ ነው ብለው አስተማሩ፤ ዛሬ በዮርዳኖስ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚሰፍሩት ሃይማኖታውያን የእሳቸውና የልጃቸው ደቀ መዛሙርት ናቸው። ሌሎችም ሙግቱን በሕግ መልክ አቀረቡ። መሐላዎቹ ስብከት እንጂ ሕግ አይደሉም፤ የመካከለኛው ዘመን ታላቁ የሕግ ሊቅ ማይሞኒደስም በሕግ መጽሐፉ አላካተታቸውም አሉ። አሕዛብ በናዚ ዘመን የራሳቸውን መሐላ ስላፈረሱ የእኛም ፈርሷል ያሉም አሉ። የድቪንስኩ ረቢ ሜየር ሲምሐ ደግሞ ኃያላኑ በ1920 በሳን ሬሞ ተሰብስበው ፍልስጤምን ለአይሁድ ብሔራዊ መኖሪያነት ካጸደቁ በኋላ የመሐላው ፍርሃት ተወግዷል ብለው ጻፉ፤ አሕዛብ ከፈቀዱ በኃይል ወጣን አይባልምና።

እዚህ ላይ ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ የሆነ ታሪክ አለ። ቤተ እስራኤል ታልሙድን አያውቁም ነበር። ሦስቱን መሐላዎች ሰምቷቸው የሚፈራ ቄስም መነኩሴም በመካከላቸው አልነበረም። የነበራቸው ኦሪት፣ ጸሎትና ተራራ ወጥተው ወደ ኢየሩሳሌም የሚማልዱበት የስግድ በዓል ነው። በ1862፣ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ የለንደን ሚስዮናውያን በጎንደር አካባቢ ሲያስጨንቋቸው፣ አባ ማኅሪ የተባሉ መነኩሴ ሕዝቡን አስከትለው ወደ ተስፋይቱ ምድር ተነሡ። ባሕረ ኤርትራ ለሙሴ እንደተከፈለ ይከፈልልናል ብለው ነበር። በትግራይ፣ አክሱም አካባቢ ሲደርሱ ረኃብና በሽታ ብዙዎቹን ፈጃቸው፤ የቀሩት ተመለሱ። ሄርዝል በዚያ ጊዜ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበር። ይህን ጉዞ ጽዮናውያን የንቅናቄያቸው ቀዳሚ ምልክት አድርገው ይጠቅሱታል፤ የሳትማር ሰው ቢሰማው ደግሞ የመዳንን ቀን ማፋጠን ለሚያመጣው አደጋ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይፈልግም ነበር። ጉዞው ግን ሁለቱንም አይመስልም። መንግሥት የማቆም ዕቅድ የለበትም፤ እጅን አጣጥፎ መጠበቅም የለበትም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክርክር እንሻገር። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ሄርዝል ጉባኤውን መጀመሪያ ሊጠራ ያሰበው በሙኒክ መሆኑን ነው። የከተማው የአይሁድ ማኅበረሰብ «አይሆንም» ብሎ ተቃወመ፤ የጀርመን ረቢዎችም የተቃውሞ መግለጫ አወጡ፤ ጉባኤው ወደ ስዊዘርላንድ ዞረ። እነዚህ ረቢዎች መሢሕን ብቻ አይደለም ያነሡት። እኛ የአይሁድ እምነት ያለን ጀርመናውያን ነን፤ ሌላ አገር አለን ካልን ጎረቤቶቻችን «እንግዲያው ሂዱ» ይሉናል አሉ። የአሜሪካ ሪፎርም (ሃይማኖቱን ከዘመኑ ጋር ያስማሙ) ረቢዎችም ከዚያ ቀደም ብለው፣ በ1885 በፒትስበርግ፣ ራሳችንን እንደ ሃይማኖት ማኅበር እንጂ እንደ ብሔር አንቆጥርም፣ ወደ ፍልስጤም መመለስንም አንጠብቅም ብለው ነበር።

ክርክሩን እስከ ሥልጣን ጫፍ የወሰደው ኤድዊን ሞንታጉ ነው። በ1917 የብሪታንያ ካቢኔ በፍልስጤም ለአይሁድ ብሔራዊ መኖሪያ መቋቋሙን የሚደግፈውን የባልፎርን መግለጫ ሲያዘጋጅ፣ ከሚኒስትሮቹ መካከል አይሁዳዊው እርሱ ብቻ ነበር፤ አምርሮ የተቃወመውም እርሱ ነው። ለባልደረቦቹ በጻፈው ማስታወሻ የመንግሥቱ ፖሊሲ ጸረ አይሁድ ነው እስከማለት ደርሷል፤ ፍልስጤም የአይሁድ አገር ከተባለች በየአገሩ ያለው አይሁዳዊ ባዕድ ይሆናል ሲል። መግለጫውን ማስቀረት አልቻለም። በመግለጫው መጨረሻ ግን፣ በሌሎች አገሮች ያሉ አይሁድ መብትና ፖለቲካዊ አቋም እንዳይጎዳ የሚል ሐረግ ገባ።

ከአውሮፓ ውጭ ያለው ሥጋት ይበልጥ የተጨበጠ ነበር። በ1922 መናሄም ሳሌህ ዳንኤል የተባሉ የባግዳድ አይሁድ ታላቅ ሰው ለጽዮናውያን ድርጅት በጻፉት ደብዳቤ፣ እንቅስቃሴያችሁ እዚህ ቢስፋፋ ዓረቡ ጎረቤታችን ከሃዲ አድርጎ ያየናል ብለው አስጠነቀቁ። አይሁድ በባግዳድ ንግድ የጀርባ አጥንት የነበሩበት ጊዜ ነው። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1950 እና 1951፣ ወደ 120,000 የሚጠጋ የኢራቅ አይሁድ ዜግነቱንና ንብረቱን ትቶ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተጓዘ። ዳንኤል ትክክል ነበሩ? ጽዮናዊው «የኢራቅ መንግሥትና በ1941 አይሁድን የፈጀው የባግዳድ ሁከት ናቸው ያባረሯቸው» ይላል። ተቃዋሚው «ፍርሃቱ የተነገረው አስቀድሞ ነው» ይላል። እኔ ሁለቱም ግማሽ እውነት የያዙ ይመስለኛል፤ ሥጋቱ ትክክል ነበር፣ ጥፋቱን ግን በሥጋቱ ምክንያት ብቻ ማላከክ ገዳዩን ነጻ ያወጣል።

የቡንድ ነገርም አለ። ቡንድ የአይሁድ ሠራተኞች ሶሻሊስት ፓርቲ ነው፤ ከባዝል ጉባኤ አምስት ሳምንት ያህል ዘግይቶ በዚያው በ1897 በቪልና ተመሠረተ። መርሑ ባለህበት ታገል ነው፤ ቋንቋችን ይዲሽ፣ አገራችን የምንኖርባት። ይህ የጥቂት ምሁራን ምኞት አልነበረም። በታኅሣሥ 1938 በዋርሶ የከተማ ምክር ቤት ምርጫ የአይሁድ ፓርቲዎች ካገኙት 20 ወንበር 17ቱን የወሰደው ቡንድ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ሂትለር ፖላንድ ውስጥ ነበር። ከ3.3 ሚሊዮን የፖላንድ አይሁድ ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጉት ተገደሉ።

ጽዮናዊነት ክርክሩን አሸነፈ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው። በሙግት አልረታም፤ ተሟጋቾቹ ናቸው የሞቱት። ግን ሌላ ነገርም አለ፣ ተቃዋሚዎችም ሊሸሹት የማይገባ። በሐምሌ 1938 በፈረንሳይ ኤቪያን 32 አገሮች ስለ አይሁድ ስደተኞች ተሰብስበው፣ በቁም ነገር በሩን የከፈተው የዶሚኒካን ሪፑብሊክ ብቻ ነበረች። አሜሪካ ከ1924 ጀምሮ በኮታ ዘግታለች። ብሪታንያም በ1939 ወደ ፍልስጤም የሚገባውን ለአምስት ዓመት በ75,000 ወሰነች። «በየአገራችን ዜጎች ነን» የሚለው የሞንታጉና የሙኒክ ረቢዎች ክርክር የቆመው አገሮቹ ዜጎቼ ይላሉ በሚል እምነት ላይ ነበር። አላሉም። የአሜሪካ ሪፎርም ረቢዎች በ1937 በኮለምበስ ተሰብስበው የቀድሞ አቋማቸውን የቀየሩት ይህ እየመጣ ሳለ ነው።

ከዚያ በኋላ የተረፈው የኑሮው ክርክር መልኩን ለወጠ፤ ስለ ለንደንና በርሊን መሆኑ ቀርቶ ስለ ፍልስጤም ራሷ ሆነ። አሐድ ሐዓም የተባለው ጸሐፊ ገና በ1891 አገሩን ጎብኝቶ፣ ባዶ ናት መባሉ ሐሰት ነው፣ ዓረቦቹም ዝም ብለው አይለቁም ብሎ ነበር፤ እርሱ ራሱ ግን በንቅናቄው ውስጥ ቆየ። የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ መሪ የነበሩት ረቢ ይሁዳ ማግነስ እና ፈላስፋው ማርቲን ቡበር አንድ አገር ለሁለት ሕዝብ የሚለውን ሐሳብ እስከ 1948 ድረስ ሙጥኝ ብለው ይዘው ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት አይሁዳዊቷ የፖለቲካ ፈላስፋ ሐና አረንት በጻፈችው ጽሑፍ፣ አይሁድ ጦርነቱን ቢያሸንፉ እንኳ በጠላት ጎረቤቶች ተከብበው፣ ሐሳባቸው ሁሉ በመከላከያ ተውጦ፣ ከቀረው የዓለም አይሁድ እየተለዩ እንደሚኖሩ ተነበየች። ጦርነቱን አሸነፉ። ወደ 700,000 የሚጠጉ ፍልስጤማውያን ከቤታቸው ተፈናቀሉ፤ የተቀረውን እስከ ዛሬ በዜና እናየዋለን።

የኑሮውን ክርክር ዛሬ እንደገና ያነሣው ጥቅምት 7 ቀን 2023 የደረሰው የሐማስ ጥቃት ነው። ወደ 1,200 ሰዎች በአንድ ቀን የተገደሉት አይሁድን ከዚህ ዓይነት እልቂት ሊያድን በተሠራው አገር ውስጥ ነው። ቀጥሎ በጋዛ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ፍልስጤማውያን አለቁ። በዚያው ጥቅምት የአሜሪካ አይሁድ ወጣቶች በዋሽንግተን የምክር ቤት ሕንጻ ውስጥ፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ትልቁ የባቡር ጣቢያ ተቀምጠው «በስማችን አይሁን» አሉ። እነዚህ አብዛኞቹ የቡንድና የማግነስ ወራሾች ናቸው፤ ሦስቱን መሐላዎች ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ አያውቋቸውም። የሳትማር ሰዎችም እነሱን እንደ ወዳጅ አይቆጥሯቸውም። ፍልስጤማዊው አገሩ ይመለስለት ማለት የታይተልባውም ክርክር አይደለም። የነቱሬይ ካርታ (ጽዮናዊነትን የሚቃወም አነስተኛ የጥብቅ ኦርቶዶክሶች ቡድን) ጥቂት አባላት በ2006 ቴህራን ላይ የናዚን ጭፍጨፋ በሚክድ ጉባኤ ሲገኙ አጥብቆ ያወገዛቸው ከሌሎቹ ጋር ሳትማር ራሱ ነበር። በካሜራ የሚታዩት እነዚያ ናቸው፤ ብዙኃኑ ተቃዋሚ ኦርቶዶክስ ሰልፍ አይወጣም።

የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት በታኅሣሥ 2023 ጸረ ጽዮናዊነት ጸረ አይሁድነት ነው የሚል ውሳኔ በ311 ለ14 ሲያጸድቅ 92 አባላት ድምፅ ሳይሰጡ ቀሩ። ከነዚህ አንዱ የኒው ዮርኩ አይሁዳዊ ተወካይ ጄሪ ናድለር፣ የራሳቸው ከተማ የሳትማር ሰዎች በዚህ አተረጓጎም ጸረ አይሁድ ሊባሉ እንደሆነ አስታወሱ። ውሳኔውን የጻፉት ሰዎች በብሩክሊን ዊልያምስበርግ አንድ ከሰዓት በእግራቸው ቢሄዱ ይበቃቸው ነበር። ሌላው ወገን ግን ትክክል የሚሆንበት ቦታ አለ፤ ዛሬ ሰባት ሚሊዮን ያህል አይሁድ በእስራኤል ይኖራል፤ በ1897 መንግሥት አይቋቋም ማለትና አሁን መንግሥቱ ይፍረስ ማለት አንድ ዓይነት ንግግር አይደለም። ለቤተ እስራኤል ይህ ይበልጥ ግልጽ ነው። ከሱዳን በረሃ በሕይወት ያልወጡ ብዙ ሺዎችን ቀብሮ በ1984 እና 1991 የተሻገረ ሕዝብ፣ «ባለህበት ቆይ» የሚለውን ምክር ከመጣበት አገር ሁኔታ ጋር ነው የሚያመዛዝነው። ይህ ግን ቅሬታውን አያስቀርም። በ1985 ራባኑት የሚባለው የረቢዎች የበላይ አካል ጋብቻ ለመፈጸም በውሃ መጥለቅ አለባችሁ ሲላቸው፣ ሳምንታት በኢየሩሳሌም ተቃውመው ተቀምጠዋል። አይሁድ ማን እንደሆነ የሚወስነው መንግሥትና ረቢ ሲሆኑ ምን እንደሚመጣ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

የሃይማኖቱ ክርክር ደግሞ ዛሬ ትርጉም ያገኘው በሌላ ቦታ፣ በምልመላ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ነው። የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቤን ጉሪዮን በ1948 ለ400 የየሺቫ (የሃይማኖት ትምህርት ቤት) ተማሪዎች ከውትድርና ነጻነት ሰጡ። ቁጥሩ አድጎ ወደ 63,000 ሲደርስ፣ በሰኔ 2024 የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ መንግሥት ሊመለምላቸው ይገባል ብሎ ወሰነ። በጁላይ 2025 ከሐረዲ (ጥብቅ ኦርቶዶክስ) ፓርቲዎች አንዱ ከጥምር መንግሥቱ ወጣ፣ ሌላው ሚኒስትሮቹን አስወጣ። በጎዳና ላይ የሚሰማው መፈክር «እንሞታለን እንጂ አንዘምትም» ነው።

ልዩነቱ የሚታየው ግን እዚህ ነው። በኢየሩሳሌም መአ ሸዓሪም ሰፈር የሚገኘው ኤዳ ሐሐሬዲት የተባለው የጥብቅ ኦርቶዶክሶች ማኅበር ከመንግሥት ገንዘብ አይወስድም፣ ምርጫም አይመርጥም፤ የሳትማር ሰዎች ከአሜሪካ በሚያሰባስቡት መዋጮ ይህን መንገድ ይደግፋሉ። ስለዚህ «ገንዘብህን አልወሰድንም፣ ልጃችንን አትውሰድ» ብለው ሲናገሩ ተቃዋሚያቸው መልስ ያጣል። አጉዳት እስራኤል ግን በ1948 የነጻነት መግለጫውን ፈርሟል፣ በምክር ቤት ተቀምጧል፣ ለየሺቫዎቹ በጀት ይደራደራል። መንግሥቱን በእምነቱ አያውቀውም፤ በበጀቱ ግን ያውቀዋል። የቤተ እስራኤልን ወጣቶች ጨምሮ ልጆቻቸውን ወደ ጋዛና ሊባኖስ የላኩ ወላጆች፣ ሃይማኖታዊ ጽዮናውያንም ዓለማውያንም፣ ከፍርድ ቤቱ ውሳኔ በኋላ ቁጣቸውን የሚያዘንቡት በዚህኛው ላይ ነው፤ ሦስቱን መሐላዎች ማንም አልጠየቃቸውም፣ የጠየቁት ተራው የማን እንደሆነ ነው።